ከቀሃ በላይ ያለን ሰዎች ቆሻሻችንን የት እናድርሰው?

ተከራይዋ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። የምንኖረው ከቀሃ ወንዝ በላይ ነው። ግቢው የተከራዮች ነው፤ ከጓሮው ጀርባ ወደ ወንዙ የሚወርድ ቦረቦር አለ። የጽዳት ማህበሩ ልጆች አንድ ሳምንት መጥተው ሌላ ሳምንት ይጠፋሉ። ሲጠፉ አንዱ ጎረቤት ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻ ማታ ማታ ወደ ቦረቦሩ ይለቃል። ሌላዋ ፌስታሉንም ዳይፐሩንም ቀላቅላ ታቃጥላለች። ትንሿ ልጄ አስም አለባት። ጭሱ ሲነሳ በር መስኮት ዘግተን ነው የምናመሸው። መጣላት አልፈልግም፣ ቡና የምንጠራራ ሰዎች ነን። ምን ብዬ ልጀምር?

የአዘዞው፦
ለቀበሌ አመልክቺ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እንኳ እያንዳንዱ ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን እንዲለይ ያዝ ነበር።

የጋሪዋ፦
እህቴ፣ ቀበሌው ይቆይ። እኔ ራሴ ጋሪ ገፊ ነኝ፣ በሌላ ሰፈር። ለምን እንደምንቀር ልንገርሽ። የምናራግፍበትን ገንዳ መኪና ካላነሳው ሞልቶ ይፈሳል። ያኔ የሰበሰብነውን የምንጥልበት የለንም። ሌላው ክብደቱ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የቡና አተላ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ታጭቆ ውሃ ሲያዝል፣ ያን ዳገት እንዴት እንደምንወጣው እግዜር ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ እርጥቡን ግቢ አስቀሪው። ጓሮ ጥግ ላይ ጉልበት የሚያህል ጉድጓድ ይበቃል። ከውሃ ጉድጓድ ግን ይራቅ። የወጥ ቤቱን ትርፍ ጨምረሽ በላዩ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ፣ ከዚያ ስስ አፈር። እርጥበቱ እንደተጨመቀ ጨርቅ ይሁን። በየሳምንቱ ገልብጪው፣ ካልተገለበጠ ይሸታል። ሥጋና አጥንት አይግባ፤ ውሻው ብቻ ሳይሆን ጅቡም ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ በቆርቆሮ ክደኚው። በጥቂት ወር ውስጥ ጥቁር አፈር ይሆናል፤ ለጎመንና ለቃሪያ ነፍስ ነው።

ሃይላንዱን ለብቻ አጠራቅሙ፣ የሚገዛ አለ። ዳይፐሩ በደንብ ታስሮ ከደረቁ ጋር ይምጣ፤ መጸዳጃ ጉድጓድ አይግባ። ከሰል አመዱ ደግሞ በጣም ይቀዝቅዝ፣ ፍሙ ማዳበሪያውን ያቃጥለዋል። አንድ ነገር ግን አደራ። ምላጭና መርፌ ሃይላንድ ውስጥ ከታችሁ ክደኑት። የተሰበረ ብርጭቆም በወፍራም ካርቶን ይጠቅለል። ጓንት ሁልጊዜ የለንም። ሰው ቆሻሻ ሲያስር የሚያነሳው እጅ እንዳለ ቢያስብ እንዴት ደስ ባለኝ።

ነርሷ፦
ስለ ጭሱ፦ የሚነድ ፕላስቲክ መርዛማ ጋዝና ደቃቅ ብናኝ ይለቃል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ አስም ያለባት ልጅ ወዲያው ነው የሚነሳባት። ጎረቤትሽ ይህን አታውቅ ይሆናል። ልጅሽ ሲያፍናት ጠርተሽ አሳያት።

የቀሃ ዳሩ፦
ልጄ፣ ቡና ላይ በቀሃ ጀምሪ። የፋሲለደስ መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ በሚመጣ ውሃ ነው። ጥር 11 ልጆቻችን እየዘለሉ የሚገቡበት ውሃ ማለት ነው። እዚህ ሰፈር ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው የለም። ውሃው እዚያም አይቆምም፤ ቀሃ ወደ መገጭ፣ መገጭ ወደ ጣና ይወርዳል። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ የታየው እንቦጭ የሚፋፋው ወንዞች ይዘው በሚወርዱት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። ከገጠር ማሳ የሚታጠበው አለበት፣ ከእኛ ከተማ የሚወርደውም አለበት።

ተከራይዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ እርስዎ እንዳሉት በቀሃ እጀምራለሁ። የጋሪዋ፣ እጅሽ ይባረክ። አከራያችን ጉድጓዱን ፈቅደዋል። ዶሮ ግን አለን፣ አይበትኑትም?

የጋሪዋ፦
ይበትኑታል። ዙሪያውን በእሾህ እጠሪው፣ ከላይም ያንኑ ቆርቆሮ አድርጊና ድንጋይ ጫኚበት።