ውጭ አገር አምቡላንስ ላይ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን 60 ሺህ ብር ይከፈላል እንዴ?

የቢቸና ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች። 24 ዓመቴ ነው፣ ሴት ነኝ። በኢ.ኤም.ቲ (በድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሽያንነት) ዲፕሎማ ይዤ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አምቡላንስ ላይ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ክረምት ላይ መኪናው አይገባም። ምጥ የያዛትን እናት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት ድረስ ያመጧታል፣ እኛ ከዚያ እንቀበላለን። ግን ሌላ አገር እንዴት እንደሚሠራ ማየት አማረኝ። አንድ ዓመት ሠርቼ ልመለስ ነው ሐሳቤ። ማርቆስ ያለ አንድ ሰው «አውሮፓ በጎ ፈቃደኛ አስገባሻለሁ፤ መመዝገቢያው 60 ሺህ ነው፣ ፓስፖርትሽንም አምጪ» አለኝ። የት አገር ስለው «እሱ በኋላ ይነገርሻል» ይላል። አባቴ በሬ ሊሸጥ ነው። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ሲስተር ከባሕር ዳር
በሬው ይቆይ! አገሩን የማይነግርሽ ሰው ምኑን ነው የሚያስገባሽ? ፓስፖርትሽን ለማንም እንዳትሰጪ። አንዳንድ ፕሮግራም ለማደሪያና ለሥልጠና እንደሚያስከፍል አውቃለሁ፣ ያ ሁሉ ሌባ ነው አልልም። ግን እሱ ክፍያው በተቋሙ ስም ነው፣ ደረሰኝም አለው። ሥራ ትሠራላችሁ እየተባሉ ሩሲያ ሄደው ጦር ሜዳ የተገኙ አፍሪካውያን ነገር በዜና ተነግሯል። በማታነቢው ቋንቋ የተጻፈ ውል አትፈርሚ።

ጀርመን ያለሁት
እህቴ፣ ነገሩስ አለ፤ እኔ የደጀን ልጅ ነኝ፣ ጀርመን የመጣሁት በዚሁ መንገድ ነው። ፍራይቪሊገስ ሶትሲያሌስ ያር ይባላል፣ የበጎ ፈቃድ ዓመት ማለት ነው። ዕድሜሽ ከ27 በታች መሆን አለበት። ካለፈሽም ሌላ የዕድሜ ጣሪያ የሌለው ፕሮግራም አለ። የጀርመን ቀይ መስቀል፣ ማልተዘርና ዮሃኒተር የሚባሉት የእርዳታ ድርጅቶች አምቡላንስ ላይ በጎ ፈቃደኞች ያሠራሉ። የምታመለክቺው በቀጥታ ለእነሱ ነው። ከተቀበሉሽ ውል ይልኩልሻል፣ ቪዛ የሚጠየቀው ያንን ይዘሽ ነው። እኔን ተቋሙ አምስት ሳንቲም አላስከፈለኝም። የቪዛውን 75 ዩሮ ግን ራሴ ከፈልኩ። ደመወዝ የለውም፤ የኪስ ገንዘብና የጤና መድን አለው። ቤት የሚሰጥም የማይሰጥም ስላለ ሳትፈርሚ ጠይቂ። ቤት ኪራዩ አያድርስ ነው።

አሁን ወደ ሐቁ ልምጣ። ዲፕሎማሽን አይተው 112 (የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ) ሲደወል የሚወጣው መኪና ላይ አያወጡሽም። እዚህ ዋናው ባለሙያ ሦስት ዓመት የተማረ ነው። እኔን መጀመሪያ 520 ሰዓት አሠለጠኑኝ፤ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ አምቡላንስ፣ መጨረሻ ላይ ፈተና። ከዚያም ወራቱን በአብዛኛው ያሳለፍኩት አዛውንት ለኩላሊት እጥበት በማመላለስ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ በመሸከሚያ ወንበር ማውረድ ነው። «የት ተማርከው?» ሲሉኝ ስለ ቃሬዛ ነገርኳቸው።

የቢቸና ልጅ
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቋንቋውስ? ዜሮ ነኝ።

ጀርመን ያለሁት
ዋናው እሱ ነው። ብዙዎቹ ቢያንስ ቢ1 የሚባለውን መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ይጠይቃሉ፤ እኔን ከጠየቅሽኝ ቢ1 ለአምቡላንስ አይበቃም። በመጀመሪያው ወር አንዲት እናት «ሚር ኢስት ሽሌሽት» አሉኝ። እኔ ቃል በቃል ተርጉሜ «ደህና አይደለሁም» ማለታቸው መሰለኝና «አይዞዎት» እያልኩ እጃቸውን ያዝኩ። ለካ «አቅለሸለሸኝ» ማለታቸው ኖሯል። ጫማዬ ላይ አስታወኩብኝ። እንዲህ ዓይነቱን መጽሐፍ አያስተምርሽም። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ ጀርመንኛ የሚያስተምረው ጎተ ተቋም አለ፣ ፈተናውንም እዚያ ትወስጃለሽ። 60 ሺህሽን ለዚያ አድርጊው። በቁም ነገር ከያዝሽው አንድ ዓመት ያህል መድቢ።

ጋሼ ከፍኖተ ሰላም
ልጄ፣ በቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኝነት አርጅቻለሁ። የእኛው ማኅበር ራሱ ሐምሌ 1 ቀን 1927 የተቋቋመው የኢጣሊያ ጦርነት ሲመጣ ነው። ያኔ የውጭ አምቡላንሶች ወደ እኛ መጡ፤ ስዊድኖች፣ እንግሊዞች፣ ኖርዌዮች፣ ግብጾችም። ታኅሣሥ 1928 የስዊድኖቹን ካምፕ መልካ ዲዳ ላይ የኢጣሊያ አውሮፕላን ደበደበው፤ የቀይ መስቀሉ ምልክት ጉልህ ሆኖ ሳለ። የእንግሊዙ ዶክተር ሜሊ ደግሞ አዲስ አበባ በተዘረፈችበት ሰሞን ቁስለኛ ሲረዳ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ጦር ሜዳ አይመርጥም ልልሽ ነው። ደግሞ ቅርንጫፋችን ሄደሽ «ላኩኝ» ብትያቸው አይልኩሽም። የሚቀበልሽ የዚያው አገር ማኅበር ነው።

ሲስተር ከባሕር ዳር
ጋሼ ልክ ብለዋል። እኔም ልጨምር። ድንበር የለሽ ሐኪሞችንም ሆነ በጀርመኗ ቦን ዋና ቢሮው የሆነውን የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ለማመልከት ምንም አይከፈልም። ድንበር የለሽ ግን ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ነው በብዛት የሚፈልገው፣ ልምድም ይጠይቃል። አንቺ ገና ነሽ።

ሰነድ ላይ ያለቀሰው
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ዲፕሎማ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ)፣ የሙያ ፈቃድ፣ የልደት ሰርተፍኬት፤ በሁሉም ላይ የእንግሊዝኛ ስምሽ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ዛሬውኑ እዪ። የእኔ የአባቴ ስም አንዱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በሁለት «ኤስ» ተጽፎ አምስት ወር አስለቀሰኝ። መጀመሪያ አስተካክይ፣ ከዚያ አስተርጉሚ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ይጸድቅልሽ። ተገላቢጦሽ ካደረግሽው ሁለት ጊዜ ትከፍያለሽ።

ጀርመን ያለሁት
አዎ! ክትባትም አለ። እዚህ ጀርመን ጤና ተቋም ውስጥ የሚሠራ ከ1970 እ.ኤ.አ. በኋላ የተወለደ ሁሉ የኩፍኝ ማስረጃ ያሳያል። የልጅነት ካርድሽ ከሌለ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። የሄፓታይተስ ቢንም አገር ቤት ጨርሺ፣ ሦስት ዙር ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። መንጃ ፈቃድ ካለሽ ደግሞ የኢትዮጵያው እዚህ የሚሠራው 6 ወር ብቻ ነው።

የቢቸና ልጅ
ሥራዬን አሁን ልልቀቅ ወይስ?

ጋሼ ከፍኖተ ሰላም
ቪዛው ፓስፖርትሽ ላይ ሳይለጠፍ አትልቀቂ።

የቢቸና ልጅ
እሺ ጋሼ። ሰውየው ማታ ደውሎ «40 ሺህም ይሆናል» አለኝ። አገሩን ስጠይቀው ስልኩን ዘጋው። በሬው አልተሸጠም፣ አባቴ እርሻ ላይ ነው። ሲኦሲዬንም አውጥቼ ከፓስፖርቱ ጋር አየሁት። የአያቴ ስም ላይ አንድ «ኤች» ጎድሏል። ሰኞ ለእሱ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። ሲስተር፣ የቱ ቢሮ እንደምጀምር ታውቂያለሽ?

ሲስተር ከባሕር ዳር
መጀመሪያ ሲኦሲውን የሰጠሽ መሥሪያ ቤት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሺ፣ ከዚያ በኋላ ሰልፉ አይቻልም። ዋናውንም ኮፒውንም ያዢ።