ሯጭ በእረፍቱ ወር ለሕዝብ መሥራት አለበት ወይ?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት ክርክር የመጣው ከታክሲ ሹፌሩ ወንድማችን ነው። ፕሮፌሽናል ስፖርተኞች ውድድር በሌለበት ጊዜ የበጎ አድራጎት ሥራ የመሥራት ግዴታ አለባቸው ወይ? ስለ ኳስ ተጫዋችም ማንሳት ይቻላል። የኛ ነገር ግን ሩጫ ነውና ከሯጮች እንጀምር። ስድብና የሰው ስም ማጥፋት አይፈቀድም።

ሹፌሩ፦ እኔ አለባቸው ባይ ነኝ። ማራቶን ባለ ቀን ታክሲዬን አቁሜ ካፌ ገብቼ ነው የማየው። ያ የቆመ ሰዓት ለኔ የልጆቼ ዳቦ ነው። ልጆቻችን ሲያሸንፉ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ አልቅሻለሁ። ሕዝቡ ከልቡ ይጸልይላቸዋል። ታዲያ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር እረፍት ሲያገኙ ወደዚሁ ሕዝብ ቢወርዱ ምን ይጎድልባቸዋል? ኃይሌ ገብረሥላሴ አድርጎታል። ታላቁ ሩጫን በፈረንጆቹ 2001 ሲያስጀምር ኃይሌ ገና እየሮጠ ነበር። በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ከዚያ በኋላ ነው፣ በ2008። ሩጫውም አልቀረበት፣ ሀገሩም በየዓመቱ ለበጎ ሥራ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ውድድር አገኘች።

የቀድሞ ሯጭ፦ ወንድሜ፣ ስለ እረፍቱ ላስረዳህ። እኔ ስሜ የማይታወቅ ሯጭ ነበርኩ። አንዳንዴ አሯሯጭ ሆኜ፣ አንዳንዴ በትንንሽ የጎዳና ውድድሮች አሥር ዓመት ሮጫለሁ። በሚያዝያ ለንደንን የሮጠ ሰው በመስከረም በርሊንን ሊሮጥ ይችላል። መሃል ያለው አምስት ወር ነው። ዝግጅቱ ብቻ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም አራት ወር ይፈጃል። የቀረውን ቁጠረው። በዚያች በቀረችው ጊዜ የእግር ጥፍር ይወልቃል፣ ደረጃ መውረድ ያቅታል፣ የተሸሸገ ጉዳት ሁሉ ብቅ ይላል። እረፍት የምንለው ጭን ላይ በረዶ አስሮ መተኛት ነው። ሰውነቱ ካላገገመ ሚኒማ፣ ማለትም ለውድድር የሚያበቃውን ሰዓት፣ አያመጣም። ሚኒማ ካላመጣ ማናጀሩ ስልክ አያነሳም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። አውሮፓ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ አሸንፌ እናቴ ጋ ለእረፍት ሄድኩ። ብሩ ብዙ አልነበረም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ የግቢው በር ተንኳኳ። እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ስትመለስ "የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ ሕፃኑ ታሞባታል" አለችኝ። አፏን ሳትዘጋ ሌላ ሰው አንኳኳ። ቡናው ሳይፈላ ሰባት ሰው ቆጠርኩ። አንዱ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ አንዷ የሆስፒታል፣ አንዱ የዘር መግዣ ነው የጠየቁኝ። ሁሉም እውነት ነበራቸው። ለአራቱ ሰጠሁ። ለሦስቱ አልደረሰም፣ የእነሱ ፊት እስከ ዛሬ አይወጣልኝም። በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ተመለስኩ፤ ሮጬ እንኳን እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም። እዚህ ሀገር ሯጭ የሆነ ልጅ ሁሉ በጎ አድራጎት ሲሠራ ነው የሚኖረው። ካሜራ ስለሌለው ማንም አይቆጥርለትም።

ሹፌሩ፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። የምልህ ግን ስለ ትልልቆቹ ነው።

ነርሷ፦ ስለ ካሜራው እኔ ልናገር፣ ውስጤ ስላለ። አንድ ስሙ የታወቀ ሯጭ ልጄ ወደምትማርበት ትምህርት ቤት ደብተር ሊያድል መጣ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ልጆቹን ሜዳ ላይ አሰለፏቸው። ሯጩ አምስት ሰዓት አካባቢ ደረሰ። ደብተሩን አንድ በአንድ እየጨበጠ ሰጣቸው። ከዚያ ፎቶ አንሺው "ፀሐዩ ከኋላ መጣብኝ፣ በዚህኛው በኩል እንድገመው" አለ። ልጆቹ ደብተሩን መለሱ፣ ዞረው ተሰለፉ፣ እንደገና ተቀበሉ። ልጄ ቤት ስትገባ "እማዬ፣ ሁለት ጊዜ ተሰጠኝ፣ ግን ያለኝ አንድ ደብተር ነው" አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

ሯጩን ክፉ ሰው ነው አልልም። አንድ ሰው "በእረፍትህ ይሄን መሥራት አለብህ" ብሎት ይሆናል። ግዴታ የሚያመጣው ይሄንን ነው። ተደርጓል ለማለት ይደረጋል።

ከለንደን፦ እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው፤ ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም። እዚህ እግር ኳስ ተጫዋቹን ማርከስ ራሽፎርድን አይተናል። በ2020 በኮሮና ምክንያት እግር ኳስ ሲቆም እሱ ጀርባውን ተጎድቶ ቤቱ ነበር። ያንን ጊዜ ለድሃ ልጆች ምግብ አዋለው። ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ነፃ ምሳ ይበላ ስለነበር ረሃቡን ያውቀዋል። የምግብ ድጋፉ በበጋው የትምህርት እረፍትም እንዲቀጥል ለፓርላማ አባላት ደብዳቤ ጻፈ። መንግሥት መጀመሪያ እምቢ አለ፣ በሰኔ ሐሳቡን ቀየረ። በእንግሊዝ 1.3 ሚሊዮን ያህል ልጆች በዚያ በጋ የምግብ ድጋፍ አገኙ። የስንት ሰው ልጅ ነው! የኛ ሀገር ልጆችም እዚህ ትምህርት ቤት ምሳ ይበላሉ። እኔ ራሴ የማውቃቸው እናቶች አሉ።

የቀድሞ ሯጭ፦ ቀጥሎ የሆነውንም ጨምርበት እንጂ።

ከለንደን፦ እጨምራለሁ። በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ። ዘረኞች ሰደቡት። አንዲት የፓርላማ አባልም ፖለቲካ ከሚጫወት ኳሱን ቢለማመድ ይሻለው ነበር የሚል መልእክት ጽፋ፣ ሲወጣባት ይቅርታ ጠየቀች። ያ ሁሉ ልጅ በልቶ፣ ሰው ያስታወሰው አንዷን ኳስ ነው።

የቀድሞ ሯጭ፦ እኔም የምፈራው ይሄንን ነው። ሯጩ በእረፍቱ ገጠር ወርዶ ሲሠራ እናጨበጭብለታለን። በሚቀጥለው ውድድር አሥረኛ ሲወጣ ያንኑ ሥራውን መልሰን እንወቅስበታለን።

ከቨርጂኒያ፦ እኔ ልጆቼ ቤዝቦል ስለሚወዱ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ሮቤርቶ ክሌሜንቴ የሚባል የፖርቶ ሪኮ ሰው ነበር፣ ፒትስበርግ ለሚባለው የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ይጫወት የነበረ። በታኅሣሥ 1972 በፈረንጆቹ፣ ልክ ውድድር በሌለበት ወር፣ የኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ሰውየው እርዳታ አሰባስቦ ላከ። ቀድሞ የሄደው ግን ለተጎዳው ሕዝብ ሳይደርስ በባለሥልጣናት እጅ እንደሚቀር ሰማ። እኔ አብሬ ካለሁ አይነኩትም ብሎ ራሱ ተሳፈረ። አውሮፕላኑ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ነበር። የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ ከሳን ሁዋን ተነሥቶ ብዙም ሳይርቅ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ዕድሜው 38 ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ቀሩ።

ዛሬ የቤዝቦል ሊጉ በስሙ በየዓመቱ በጎ ለሠራ ተጫዋች ሽልማት ይሰጣል። እኔ ይሄን ታሪክ ለልጆቼ ስነግር ድምፄ ይቆራረጣል። ያን ሰው "አለብህ" ያለው ማንም የለም። እንዲህ ያለውን ነገር በደንብና በመመሪያ ከሰው ማውጣት እንዴት ይቻላል?

ጡረተኛው የስፖርት መምህር፦ ልጆቼ፣ እስካሁን ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። ስለ በቆጂ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች ቀዝቃዛ ከተማና ከዙሪያዋ ነው የወጡት። ከበስተኋላቸው ማን አለ? አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ፣ የትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው። የሰጣቸው ብር አይደለም፣ ብርም አልነበረውም። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ መገኘቱን ነው የሰጣቸው። ዛሬም፣ ነገም፣ ዝናብ ሲዘንብም።

እኔም ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁና ይሄን አውቀዋለሁ። ልጅ ለሁለት ሳምንት የመጣን ትልቅ ሰው ያደንቀዋል። የሚለወጠው ግን አንድም ቀን ሳይቀር በሚመጣለት ሰው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ "የእረፍት ወር" የሚለው ነገር ነው። ችግር የውድድር ካሌንደር አያውቅም። ሯጩ በመስከረም ሲሄድ ሥራው የሚቆም ከሆነ ባይጀመር ይሻላል። ተስፋ ተሰጥቶት የተተወ ልጅ አይቻለሁ፣ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ኃይሌንም በምሳሌ ያመጣኸው ሹፌር ልጄ፣ ታላቁ ሩጫ ጸንቶ የኖረው በእሱ እረፍት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ቢሮና ሠራተኛ ስላለው ነው።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ጋሼ ባሉት እስማማለሁ። ኳስ ተጫዋቹ ሳዲዮ ማኔ በተወለደበት በሴኔጋል መንደር በባምባሊ ሆስፒታል አሠርቷል፣ በ2021 ተከፈተ። እሱ ያን ጊዜ ሊቨርፑል ነበር። ሐኪሙ ግን እዚያ ነው፣ ማኔ እረፍት ወጣ አልወጣ በሽተኛው ይታከማል። ሌላው ኳስ ተጫዋች ሁዋን ማታም በፈረንጆቹ 2017 ከደሞዛችን 1 ከመቶ እንስጥ ብሎ ሌሎች ተጫዋቾችን አስተባብሯል። ስለዚህ የኛ ሯጮች ከሽልማታቸው ትንሽ ቆርጠው በአንድ ቋት ቢያስገቡና በየዓመቱ ኦዲት ቢደረግ፣ በሯጩ እናት በር ላይ የሚሰለፈውም ሰው መሄጃ ያገኛል።

የቀድሞ ሯጭ፦ እህቴ፣ ኳስ ተጫዋቹ የወር ደሞዝ አለው። ሯጭ ያሸነፈ ቀን ነው የሚበላው። ዓመቱን ሙሉ ተጎድቶ ምንም ሳያገኝ የሚቀር አለ። ካሸነፉት ላይ ይሁን ካልሽ ግን እስማማለሁ። "ሰባት ሰው በር ላይ" የሚለው ጭንቀትም ይቀልላል፤ "እዚያ ሂዱ፣ እኔም ድርሻዬን አስገብቻለሁ" ማለት ይቻላል። እኔ ያኔ ይሄ ቢኖረኝ እናቴ ጋ አንድ ሳምንት እተኛ ነበር።

ሹፌሩ፦ ጋሼ ያሉት ገብቶኛል። "ግዴታ" ያልኩትን አነሳለሁ። ግን ከልቤ የማይወጣ ነገር አለ። ቋቱ ጥሩ ነው፣ ሆስፒታሉም ጥሩ ነው። ልጄ ግን ቋት አቅፎ አያውቅም። እነዚህን ሰዎች በአካል ማየት ለድሃ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እኔ ሕፃን ሆኜ አንድ ሯጭ በሠፈራችን ሲያልፍ እጁን ነክቼዋለሁ፣ ስሙን እንኳን አላውቀውም። ያን ቀን እጄን አልታጠብኩም። ስለዚህ ይምጡ ነው የምለው። ካሜራ ሳይዙ፣ አንድ ጠዋት ቢሆንም።

ጡረተኛው የስፖርት መምህር፦ አንድ ጠዋት ከሆነ፣ የሚመጣበትን ቀን ለልጆቹ ቀድሞ ይንገር። ያለው ቀን ይምጣ። ሌላ አልጠይቀውም።

ሹፌሩ፦ እህቴ ነርሷ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅሽ ያንን ደብተር ምን አደረገችው?

ነርሷ፦ ይሄን ባትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። ደብተሩ ካለቀ ቆየ፣ ሒሳብ ነበር የጻፈችበት። ቤት ሳጸዳ ልጥለው ስል ከእጄ ነጠቀችኝ። ሽፋኑ ላይ የሯጩን ስም በቀይ እስክሪብቶ ጽፋበታለች። ከሥሩ ደግሞ የራሷን ስም።