ደቂቃውን በ13 ሳንቲም ገዝተን በ15 እየሸጥን ለምን እንከስራለን? እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ በኢንተርኔት የሚደወል የቅድመ ክፍያ አገልግሎት እንሸጣለን። በወረቀት ላይ በየደቂቃው 2 ሳንቲም ይተርፋል፤ ካዝናው ውስጥ ግን የለም።

ዋናውን ቀዳዳ ያገኘነው ይመስለናል። ደቂቃውን የሚሸጥልን አቅራቢ የሚያስከፍለን በሙሉ ደቂቃ ነው፣ እኛ ደንበኛውን የምናስከፍለው በሰከንድ። 61 ሰከንድ የቆየ ጥሪ ለእኛ የ2 ደቂቃ፣ ማለትም የ26 ሳንቲም ወጪ ነው፤ የምንቀበለው ግን 15 ሳንቲም ከሩብ ብቻ። መስመሩ ሲቆራረጥ ሰው ዘግቶ መልሶ ይደውላል፤ አጫጭር ጥሪ በበዛ ቁጥር ኪሳራውም ይበዛል።

5 ዶላር ሲሞላ ደግሞ የካርድ ክፍያው 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል፣ ወደ 45 ሳንቲም መሆኑ ነው። ከ33 ደቂቃ ከ20 ሰከንዱ የሚጠበቀው ትርፍ ወደ 67 ሳንቲም ስለሆነ 22 ይቀራል። የሰርቨሩና የደንበኛ አገልግሎቱ ወጪ ገና አልተነካም።

ደቂቃው በ9 ሳንቲም የሚገዛ ርካሽ መስመርም ሞክረናል። ስልኩ ገና እየጠራ ቆጣሪው ይጀምራል፤ ደንበኛው ገንዘቤን መልሱ ይላል፣ እውነቱን ነውና እንመልሳለን።

ዋጋውን 18 ሳንቲም ብናደርግ እናቱ ጋ በየቀኑ የሚደውለውን ሰው እንዳናጣ እንፈራለን። ዝቅተኛውን መሙያ 10 ዶላር ማድረጉ ይሻላል? በሙሉ ደቂቃ ሳይሆን በየ6 ሰከንዱ የሚያስከፍል አቅራቢ በወር ቢያንስ ስንት ደቂቃ እንድንገዛ ይጠይቃል? አቅራቢው ዋጋ ሲጨምር በአሮጌው ዋጋ የተሸጠውን ቀሪ ሒሳብስ ምን ታደርጉታላችሁ? የሠራችሁበት ካላችሁ ቁጥር ጠቅሳችሁ መልሱልን።