ከንቅለ ተከላ በኋላ ሳንባን ቀድሞ መለካት፦ ለጋራ ዕቅዳችን

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ወገኖች፣ የስቴም ሴል (ደም የሚሠሩ ህዋሳት) ንቅለ ተከላ ላደረጉ ታማሚዎቻችን የምናወጣውን የዕቅድ ረቂቅ እስከ እሑድ እንጨርሰው። በእጃችን ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። የኦክስጅን ማሽን ገዝተን ደብረ ብርሃን እናስቀምጥ የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አለው። ሌላ ሐሳብ ያለው ይጻፍ።

ከመንዝ፣ የታማሚ እህት፦ እኔ አልስማማም። ወንድሜ ሕንድ ሄዶ የእህታችንን ስቴም ሴል ተቀበለ። የደም ካንሰሩ ለቀቀው። በ9ኛው ወር ደረቅ ሳል ጀመረው። ከዚያ ዳገት እምቢ አለው። እኛም ብርድ ነው አልን። የሄድንበት ጤና ተቋም አስም ነው አለ። ቀጥሎ ቲቢ ተጠረጠረ፤ አክታው ግን ነጻ ነበር። ሳንባው እስኪለካ 5 ወር ሄደ። ያ 5 ወር እስካሁን ያንገበግበኛል። ማሽኑ ለዘገየ ሰው ነው የሚደርሰው። እኛ መቅደም ነው ያለብን።

ነርስ አባል፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ከለጋሹ የመጡት ተከላካይ ህዋሳት የተቀባዩን አካል እንደ ባዕድ ሊያዩት ይችላሉ። ቆዳን፣ አፍን፣ ዓይንን፣ ጉበትን ያጠቃሉ። ሳንባ ላይ ሲደርሱ ትንንሾቹን የአየር ቱቦዎች ያቆስላሉ። ቁስሉ ጠባሳ ይሆንና ቱቦውን ያጠበዋል። ሐኪሞች ብሮንኪዮላይቲስ ኦብሊተራንስ ይሉታል። በጠባሳ የጠበበው ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይሰፋም፤ ሕክምናው በዋናነት ባለበት ለማቆም ነው። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ይመጣል።

መጀመሪያ ላይ የደረት ራጅ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክስጅንን የሚለካው ኦክሲሜትርም ደህና ነው ሊል ይችላል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ጤነኛ ሰውም ቁጥሩ ከቆላ ሰው ዝቅ ይላል፤ ያ ራሱ ያደናግራል። ቀድሞ የሚናገረው ስፓይሮሜትር ነው። በኃይል ሲተነፍሱ በመጀመሪያዋ 1 ሰከንድ ስንት አየር እንደወጣ ይለካል። ከሰውየው ከራሱ የቀድሞ ልኬት 10 በመቶ ከወረደ ሐኪሙ ሳይውል ሳያድር ይወቅ።

ከደብረ ብርሃን፣ የታማሚ አባት፦ ተባረኪ ልጄ። የኩበቱን ጢስስ ምን እናድርገው? ልጄ እናቷ እንጀራ ስትጋግር ከጎኗ አትጠፋም።

ነርስ አባል፦ ጋሼ፣ ምድጃው ካለበት ቤት ትራቅ። የሻገተ ገለባ ባለበትም አትግባ። በሽታ መከላከልን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሻጋታው ሳንባ ውስጥ ሊበቅል ይችላል። ትኩሳት ከመጣ ደግሞ አንድ ሌሊትም አትጠብቁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እኔም ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። ረቂቁ እንዲህ ይሁን፦ «ሁለት በእጅ የሚያዙ ስፓይሮሜትሮች ይገዙ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ የአፍ ማስገቢያና ማጣሪያ ይኑር። የሚለካው የሠለጠነ ባለሙያ ይሁን። ከንቅለ ተከላው በፊት የተወሰደው ልኬት ከታማሚው ጋር ይምጣ፤ ከዚያ በየ3 ወሩ ይለካ። ሳል ወይም የዳገት ድካም ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅ።»

ከመንዝ፣ የታማሚ እህት፦ የመጨረሻዋ መስመር መጀመሪያ ትምጣ። እኛን የጎዳን ቀጠሮ መጠበቁ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ተስተካክሏል። የመነሻ ልኬት ወረቀት ያላችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። የሌላችሁ ከሕክምናው ቦታ ለማስላክ ደብዳቤ አዘጋጃለሁ።