ከፖስተርና ከችግኝ ተከላ ያለፈ የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። ዘንድሮ የትምህርት ቤታችንን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ እንድመራ ተመድቤያለሁ። እስካሁን የነበረው ልማድ በዓመት አንድ ቀን ችግኝ መትከል፣ ግድግዳ ላይ ፖስተር መለጠፍና በሰልፍ ሰዓት ግጥም ማንበብ ነው። ልጆቹ በዕለቱ ደስ ይላቸዋል። በሳምንቱ ግን ግቢው ወረቀት በወረቀት ነው፣ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይውላል፣ ችግኙንም የሚያጠጣው የለም። በጀት የለም ማለት ይቻላል። ያለኝ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሳስተምር አንዲት ልጅ «ታዲያ ምድር ልትጠፋ ነው?» አለችኝ። ከልቧ ፈርታለች። በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ምን ያህል ይነገራል?

መልስ፦ የሳይንስ መምህር

እኅቴ፣ ከአንድ ነገር ጀምሪ። አንድ ብቻ። እኔ ብሆን የምጀምረው ከዚያ ከሚንጠባጠበው ቧንቧ ነው።

ልጆቹ መለኪያ ያለው ዕቃ ከሥሩ ያስቀምጡ። ልክ አንድ ሰዓት ሲሞላ ያንሱትና ያንብቡ። 250 ሚሊ ሊትር ተጠራቀመ እንበል። በ24 ሲባዛ በቀን 6 ሊትር ነው። በ365 ሲባዛ 2,190 ሊትር ይሆናል። ስሌቱን አንቺ አትሥሪላቸው፣ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ወጥተው ይሥሩት። የሒሳብ ክፍለ ጊዜም ስለሚሆን ተጨማሪ ሰዓት መለመን አያስፈልግሽም። ከዚያ ቁጥሩን ይዘው ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ይጻፉ። ቧንቧው ከተጠገነ በኋላ እንደገና ይለኩ። ይህ ሁለተኛው ልኬት እንዳይቀር! ልጆቹ የሠሩት ሥራ ለውጥ ማምጣቱን በዓይናቸው የሚያዩት ያኔ ነው።

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጣሪያውን አስለኪያቸው። 1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 600 ሊትር መጣ ማለት ነው። የሚባክን ስለሚኖር በርሜል ውስጥ የሚገባው ትንሽ ያንሳል። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚመጣ ለችግኝ እንጂ ለመጠጥ እንዳይሆን አደራ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ ርዕሰ መምህርት

ልጄ፣ የጽዳት ሠራተኞቹን ሳታማክሪ ቆሻሻ መለየት እንዳትጀምሪ። በአንድ ትምህርት ቤት ያየሁትን ልንገርሽ። ልጆቹ ወረቀቱን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ ሲጥሉ ሰነበቱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ቅርጫት አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሲገለበጥ ልጆች ቆመው አዩ። በነጋታው የሚለይ ጠፋ። የጽዳት ሠራተኛዋ ምንም አላጠፋችም፣ የነገራት ሰው አልነበረም። የተለየውንም የሚወስድ አልተዘጋጀም።

ስለዚህ መጀመሪያ ተረካቢ ፈልጊ። ፕላስቲኩን ለብቻ የሚወስድ ከሌለ ለጊዜው ተዪውና ወረቀት ላይ አተኩሪ። በአንድ ገጹ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት የሚጠራቀምበት ካርቶን በየክፍሉ ይኑር። ለረቂቅና ለሥዕል ይሆናል፣ ወጪም የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1994 አውሮፓ ውስጥ የተጀመረ «ኢኮ ስኩልስ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ሥራው 7 ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ተማሪዎች ያሉበት ኮሚቴ ማቋቋም ነው። ሁለተኛው ግቢውን ዞሮ መፈተሽ ነው፦ ውሃው፣ መብራቱ፣ ቆሻሻው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የጋራ ቃል ኪዳን የሚመጣው 7ኛው ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከዚያ ነው። አንቺም ፖስተሩን ወደ መጨረሻ አድርጊው፤ ያኔ የሚጻፈው ልጆቹ የሠሩት ነገር ይሆናል።

መልስ፦ የጓሮ አትክልት ባለሙያ

መምህርት፣ ብስባሽ (ኮምፖስት) ይሞክሩ። ርዝመቱም ወርዱም ከፍታውም 1 ሜትር ያህል የሆነ ክምር ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይዝም። ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር (የደረቀ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን) ከአንድ ባልዲ እርጥብ ነገር (የፍራፍሬ ልጣጭ፣ ትኩስ ሣር) ጋር እያፈራረቁ ያስቀምጡ። ሥጋ፣ ቅባትና የወተት ተዋጽኦ አይግባ፣ አይጥ ይጠራል።

ልጆቹ አንድ እፍኝ አንሥተው ይጭመቁት። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል፣ ከተበተነ ደርቋል። ከሸተተ ደረቅ ቅጠል ጨምሮ ማገላበጥ ነው፣ አየር አጥሮታል። ሙቀቱን ለማየት የብረት ዘንግ መሐሉ ላይ ሰክተው ከደቂቃዎች በኋላ ያውጡት። ደህና የሠራ ክምር ውስጡ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚደርስ ዘንጉን በቅድሚያ እርስዎ ይንኩት። ልጆቹ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ሲወጣ ሲያዩ የሚሆኑትን መሆን ማየት ነው! ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ችግኙን በተመለከተ፣ ጥቂት ይትከሉ። መቶ ተክሎ መርሳት ምን ይጠቅማል? አሥር ተክሎ ለእያንዳንዱ አምስት ልጅ መመደብ ይሻላል። በየወሩ ቁመቱን ይለኩ፣ ይመዝግቡ።

ጠያቂዋ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ትምህርት ቤት ሲዘጋስ ማን ያያቸዋል?

የጓሮ አትክልት ባለሙያው፦ ብስባሹ ብዙ አያስቸግርም። አርጥበው፣ አገላብጠው፣ በደረቅ ቅጠል ሸፍነው ይተዉት፣ ይዘገያል እንጂ አይበላሽም። ችግኙ ግን ተረኛ ይፈልጋል። ከጥበቃው ጋር ቀድመው ይነጋገሩ።

መልስ፦ የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪ

ስለ ፈራችው ልጅ አንድ ሐሳብ አለኝ። አትዋሺያት፣ ግን በፍርሃቷም ብቻዋን አትተያት። «ምድር አትጠፋም። አየሩ እየሞቀ ስለሆነ የሚቸገሩ ሰዎችና እንስሳት አሉ፣ ችግሩን ለመቀነስ ደግሞ ብዙ ሰው እየሠራ ነው» ማለት ለ4ኛ ክፍል ይበቃል። ለትንንሾቹ ደግሞ የአደጋ ወሬ ከመምጣቱ በፊት ፍቅሩ ይቅደም። ድንጋይ ገልብጠው ከሥር ያለውን ነፍሳት ይመልከቱ፣ ወፍ ይቁጠሩ።

እውነተኛ የተስፋ ታሪክም ንገሪያቸው። ከማቀዝቀዣና ከሚረጩ ቆርቆሮዎች የሚወጡ ኬሚካሎች ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ንጣፍ እየጎዱ ነበር። አገሮች እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ ተስማምተው እነዚህን ኬሚካሎች ቀስ በቀስ ከጥቅም ውጭ አደረጉ። ንጣፉ ዛሬ እያገገመ ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ትልልቅ ሰዎች ተስማምተው መሥራት እንደሚችሉ ያውቃሉ። ሸክሙ የእነሱ ብቻ መምሰል የለበትም።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

እኔም ከወላጅ በኩል ልጨምር። ልጆቹን ወላጅ ተቆጣጣሪ አድርጋችሁ ወደ ቤት አትላኩብን፤ ያጣላል። ጥያቄ ይዘው ይምጡ። «እማዬ፣ አንቺ ልጅ ሳለሽ የተቀደደ ልብስ ምን ይደረግ ነበር?» ስትለኝ ልጄ ጋር ቁጭ ብዬ ብዙ አወራሁ። አያቷም ገቡበት። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሳይጠገን የሚጣል ነገር ቀንሷል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወስኛለሁ፦ በዚህ ሳምንት ቧንቧው ይለካል። የጽዳት ሠራተኞቻችንንም ነገ ጠዋት አነጋግራለሁ። ብስባሹ ቧንቧው ከተጠገነ በኋላ ይጀመራል፣ ሁለቱን ባንድ ላይ አልችልም። ፖስተር ለመሥራት የጓጉ ልጆች አሉ፣ እነሱን ምን ልበላቸው?

የሳይንስ መምህሩ፦ እስከ ጁን 5 ያቆዩት። የዓለም የአካባቢ ቀን ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል። ከጥገናው በፊትና በኋላ የለኩትን በዐምድ ግራፍ ሥለው፣ ወላጅ ጠርተው፣ ራሳቸው ቆመው ያስረዱ። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሁለት ካላችሁ ደግሞ አንዱን ለ3ኛ ክፍል ስጪ።