መኪና ሲፈጥን የአርኤፍአይዲ ታግ አይነበብም፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 6 ኪሎ ሜትር በሚራራቁ ሁለት ቦታዎች የመኪና ታግ (መለያ ቁጥሩን በሬዲዮ ሞገድ የሚመልስ ተለጣፊ) አንብበን የጉዞ ጊዜ ማስላት ነው ሐሳቡ። ሪደሩ (ታጉን የሚያነበው መሣሪያ) 1 ዋት ነው፤ ከምሰሶው ሥር ባለ ሳጥን ተቀምጦ በ15 ሜትር አርጂ-58 ገመድ 5.5 ሜትር ላይ ከተሰቀሉት አራት አንቴናዎች ጋር ተገናኝቷል። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጥሩ ያነባል፤ በ80 ግን ብዙ መኪና ያመልጠዋል። አንዳንዱ ደግሞ ቆሞም አይነበብም።

ሞገድ፦
ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ቆሞ የማይነበበውን መኪና ታጉን በመስኮት አውጥታችሁ ሞክሩት። ውጭ ከተነበበ ጥፋቱ የመስታወቱ ነው፤ ሙቀት የሚከላከለው ስስ የብረት ሽፋን ሞገዱን ይመልሰዋል። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መስታወቶች ከኋላ ማሳያው መስታወት አጠገብ ሽፋን የሌለው፣ ነጠብጣብ ያለበት ቦታ አላቸው፤ እዚያ ለጥፉት። ከሌለው የፊት መብራት ላይ የሚለጠፍ ታግ አለ። ተራውን ታግ ብረት ላይ አትለጥፉ፣ ጭራሽ አይሠራም።

ፍጥነቱን በተመለከተ መጀመሪያ ያን ገመድ አንሱት! አርጂ-58 በዚህ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) በ15 ሜትር ወደ 7 ዲቢ ይበላል፤ ከ1 ዋት አንቴናው ጋ የሚደርሰው 0.2 ዋት ብቻ ነው። ሪደሩን ላይ ስቀሉትና ገመዱን 2 ሜትር አድርጉት። ከዚያ የሚወጣውን ኃይል እንደገና አስሉ፤ የአውሮፓው ደንብ በ865–868 ሜጋኸርዝ ጣሪያው 2 ዋት ኢአርፒ (ከአንቴናው የሚወጣው ውጤታዊ ኃይል) ነው። አገር ውስጥ ከሆነ ድግግሞሹንም ኃይሉንም ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አረጋግጡ።

አስፋልት፦
ሞገድ ያለው ልክ ነው፤ ግን ገመዱ ብቻውን አይፈታውም። 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት በሴኮንድ 22 ሜትር ነው። የንባብ ክልሉ 4 ሜትር ከሆነ መኪናው እዚያ የሚቆየው 0.18 ሴኮንድ ነው። ሪደሩ አራቱን አንቴና በየተራ 200 ሚሊሴኮንድ እያዳረሰ ከሆነ ተራው ሳይደርስ መኪናው አልፏል። ተራውን ወደ 20 ሚሊሴኮንድ አውርዱት፤ አቅሙ ካለ ለየመስመሩ የራሱ ሪደር ይሻላል።

ኪው (ታጎች ተራ የሚይዙባቸውን ክፍተቶች ብዛት የሚወስነው የሪደሩ ቅንብር) 1 ወይም 2 ይሁን። ኪው 4 ሲሆን 16 ክፍተት ይከፈታል፤ አንድ መኪና ብቻ ባለበት አብዛኛው ባዶ ሆኖ ጊዜ ይበላል። ሴሽኑ (ታጉ መነበቡን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስታውስ የሚወስነው ቅንብር) ኤስ-0 ይሁን፣ አንዱ ታግ ደጋግሞ ቢነበብም ሶፍትዌሩ ያጣራዋል። ኢፒሲውን (የታጉን መለያ ቁጥር) ብቻ አንብቡ፤ ቲአይዲ (የቺፑን የፋብሪካ ቁጥር) መጨመር ጊዜ ይወስዳል። አንቴናው ወደሚመጣው መኪና በ45 ዲግሪ ግድም ያዘንብል።

ጠያቂ፦
በመስኮት ሲወጣ ተነበበ፣ መስታወቱ ነው። የጉዞ ጊዜውን ስናሰላስ ምን እንጠንቀቅ?

ሞገድ፦
የሁለቱን ሪደሮች ሰዓት በኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት ማስተካከያ) አስተካክሉ። ከአንድ መኪና ብዙ ንባብ ስለሚመጣ ሲግናሉ የበረታበትን ቅጽበት ያዙ፤ የመጀመሪያውን ከያዛችሁ አንዱ ጣቢያ ከሩቅ፣ ሌላው ከቅርብ ያነብና ስሌቱ ይዛባል። አማካይ ሳይሆን ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ተጠቀሙ፤ መሃል ላይ ነዳጅ ሊቀዳ የቆመ አንድ መኪና አማካዩን ያበላሸዋል።

የሰው እንቅስቃሴ መዝገብ እንዳይሆንም ኢፒሲውን እዚያው ሪደሩ ጋ በየቀኑ በሚቀየር ቁልፍ ሃሽ አድርጉት (ወደማይመለስ ኮድ ቀይሩት)፤ ሁለቱ ጣቢያዎች የዕለቱን ቁልፍ ከተጋሩ ማዛመዱ አይቀርም። በኒውዮርክና ኒውጀርሲ የኢ-ዚፓስ (የመንገድ ክፍያ) ታግን ለትራፊክ መከታተያ የተጠቀመው ትራንስሚት የተባለው ሥርዓትም መለያውን እየሰወረ ነበር የሚሠራው።

አስፋልት፦
ነገ ክፍያ ልትጨምሩበት ካሰባችሁ ደግሞ ኢፒሲ በቀላሉ ይገለበጣል። ሰሌዳ የሚያነብ ካሜራ ከጎኑ ይኑር።