ታዋቂ ዳይሬክተር ግቢ ሲመጣ መገኘት ግዴታ ይሁን?

ጥያቄ አቅራቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያችን በፊልም ትምህርት ክፍሎች ደጋግሞ የሚነሳ ነው። ስም ያለው ዳይሬክተር ግቢ ተጋብዞ ሲናገር ተማሪው ሁሉ መገኘት አለበት፣ መገኘቱም ነጥብ ይያዝለት የሚሉ አሉ። የለም፣ የፈለገ ይምጣ፣ ያልፈለገ ፊልሙን ይሥራ የሚሉም አሉ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ዳይሬክተሩን በአካል ማግኘትን የሚተካ ነገር የለም ባይ ነኝ። ግን አዳራሽ ለመሙላት ሲባል ተማሪን በነጥብ ማስገደድን አልደግፍም። የእንግዳውን ፊልም ሳያይ የሚመጣ ሰው ለራሱም አይጠቀም፣ የሌላውንም ወንበር ይዟል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የኤዲቲንግ ተማሪ፦
እኔ ከዚያም ቀድሜ "መገኘቱ ራሱ ለምን?" ብዬ እጠይቃለሁ። ታዋቂ ዳይሬክተር አዲስ ፊልም ባወጣ ቁጥር ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞረ ያንኑ ታሪክ ነው የሚያወራው። በልጅነቱ መጀመሪያ ያየውን ፊልም፣ የመጀመሪያ ሥራው ላይ ገንዘብ እንዴት እንዳለቀበት፣ ዋናው ተዋናይ እንዴት እንዳስቸገረው። ሦስት ቃለ ምልልሱን ያየ ሰው አራተኛውን በቃሉ ይወጣዋል። ቪዲዮው ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ይለቀቃል። ያልገባኝን መልሼ አየዋለሁ፣ የሰለቸኝን እዘለዋለሁ። አዳራሽ ከገባሁ ግን የክብር እንግዶች ንግግር አለ፣ የአወያዩ ረጅም መግቢያ አለ፣ ከዚያ የቀረችው ጊዜ ናት የእንግዳው። በዚያ ሰዓት አንድ ትዕይንት ቆርጬ እጨርስ ነበር። ይህ ሙያ የሚለመደው በእጅ ነው።

ድምፅ ቀጂዋ፦
ወንድሜ፣ ያ ቪዲዮ ምን እንደሚጎድለው ልንገርህ።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ዳይሬክተር መጣ። ከፊልሙ ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ትዕይንት አሳየን። አንዲት እናት የልጇ በር ላይ ቆማ ለማንኳኳት እጇን ታነሳለች፣ መልሳ ታወርዳለች። ከዚያ ድምፁን አስጠፍቶ በድጋሚ አሳየን። "አሁን ምን ጎደለ?" አለን። አዳራሹ በሙሉ "ሙዚቃው!" አለ። "ሙዚቃ እኮ የለበትም" አለን። ሙዚቃ የመሰለን የሊፍት ሞተር ድምፅ ነበር፤ በዝግታ አጫውተው ወፍራም አድርገውት። ሦስተኛ ጊዜ ከፍቶ ሲያሰማን በጆሮዬ ያመንኩትን ነገር ሁሉ መጠራጠር ጀመርኩ። ወደ ድምፅ ሥራ የገባሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ቀጥሎ ከኋላ ያለ አንድ ልጅ "ዛሬ ቢሆን የማይቀርፁት ሾት አለ?" ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ማይኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዝም አለ። ሰው ማሳል እስኪጀምር ድረስ ዝም አለ። በኋላ፣ አንድ ሕፃን ተዋናይ እንዲያለቅስለት ብሎ እንደዋሸው ተናገረ። "ሾቱ ፊልሙ ውስጥ አለ፣ ጥሩ ሾት ነው፣ እኔ ግን እዚያ ጋ ስደርስ ዓይኔን ከስክሪኑ አነሳለሁ" አለ።

ቪዲዮው ሲለቀቅ አየሁት። ዝምታው ተቆርጧል። የልጁ ማይክ ስላልተቀዳ ጥያቄውም የለም። የቀረው "ሾቱ ፊልሙ ውስጥ አለ" የሚል ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

መምህሩ፦
ልጄ፣ አንቺ በፈቃድሽ ስለሄድሽ ነው ያገኘሽው፤ ያልሄዱት ምን እንዳመለጣቸው እንኳ አያውቁም። ግዴታ ይሁን የምለው ለእነሱ ነው። ይህ ሙያ ሰው ከሰው የሚወርሰው ነው። የሶቪየቱ ዳይሬክተር ሰርጌይ አይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሞስኮ ውስጥ ቪጂክ በሚባለው የፊልም ትምህርት ቤት ሲያስተምር ተማሪው ቭላዲሚር ኒዥኒ ትምህርቱን እየተከታተለ ጽፎ ባያስቀምጥልን ኖሮ እንዴት ያስተምር እንደነበር ዛሬ ይህን ያህል ባላወቅን። አንዱ ትምህርት የሄይቲው መሪ ዴሳሊን ለግብዣ ተጠርቶ ሊያዝ ሲል የሚያመልጥበት ትዕይንት ነው። ገበታው የት ይሁን? በሩ በየት በኩል? መስኮቱስ? አይዘንስታይን መልሱን አይሰጥም። ተማሪው ሐሳብ ያመጣል፣ እሱ ይጠይቃል፣ ሌላው ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። የአንድ ወንበር አቀማመጥ ሲቀየር የሰውየው ፍርሃት አብሮ ሲቀየር ታያላችሁ። የክፍሉ ሰው በሙሉ ባይገኝ ይህ ትምህርት ከየት ይመጣ ነበር?

የኤዲቲንግ ተማሪ፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምሳሌዎ እኔን ነው የሚደግፈው። አይዘንስታይን አንድ ምሽት መጥቶ ተጨብጭቦለት የሄደ እንግዳ አልነበረም። ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ የሠራ መምህር ነው። አሜሪካዊውን ዳይሬክተር ኒኮላስ ሬይንም እንውሰድ። ከሆሊውድ ከራቀ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1973 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ በሃርፐር ኮሌጅ አስተማረ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ድሮው ማውራት ይችል ነበር። እሱ ግን ተማሪዎቹን ይዞ ፊልም መሥራት ጀመረ፤ ዛሬ ካሜራ የያዘው ነገ ይተውናል፣ ነገ የተወነው ደግሞ ሌላ ቀን ድምፅ ይቀዳል። ፊልሙ በ1973 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። እንዲህ ያለውን እንግዳ አምጡልኝ፣ ግዴታ ሳትሉኝ በር ላይ አድራለሁ።

ካሜራማኑ፦
እኔ ሁለት ነገር ብቻ። የእንግዳው ትኬት፣ ማረፊያና አበል ተደምሮ ስንት ሌንስ እንደሚከራይ ያሰላ ሰው አለ? ሁለተኛ፣ በግዴታ የመጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም አይተናል። ስሙን ፈርሞ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል፤ መጨረሻ ላይ ፎቶ ለመነሳት አንደኛ የሚሮጠውም እሱ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፦
በሌንሱ አልስማማም፣ ወንድም ዓለም። ሌንስ ከጓደኛም ይገኛል። እኔ ዳይሬክተር በአካል አግኝቼ መስማት የምፈልገው መጽሐፍ ላይ የማይገኘውን ነው። ማን እምቢ አለህ? ከእምቢታው በኋላ በማግስቱ ምን አደረግህ?

የኛኑ ሰው፣ ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1993 "ሳንኮፋ" የተባለ ፊልሙን ሠርቶ ሲጨርስ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ድርጅት አጣ። ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆኖ ዋሽንግተን ላይ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ አሳየው፤ ከዚያ ከተማ በከተማ ወሰደው። ይህን ያለፈ ሰው ከ1975 ጀምሮ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። "አራይቫል" የተባለውን ፊልም የቀረፀውና ለኦስካር የታጨው ብራድፎርድ ያንግ እዚያው ሀዋርድ የእሱ ተማሪ ነበር። እንዲህ ካለ ሰው ፊት መቀመጥ አንድ ምሽትም ቢሆን አንድ ምሽት ነው። የአከፋፋይ በር ሲዘጋ የሚሄዱበትን መንገድ የሚያስተምር ኮርስ እስካሁን አልወሰድኩም።

ግን ለግዴታው ደጋፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ብዙ ጊዜ የፊት ወንበር ለእንግዶችና ለኃላፊዎች ይያዛል፣ ማይኩ ከመሀል አያልፍም፣ "ጊዜ ስለሌለን የመጨረሻ ጥያቄ" ይባላል። እጄን አንስቼ ደክሞኝ ያወረድኩበት ጊዜ አለ። ልታስገድዱኝ ከሆነ ማይኩንም አድርሱልኝ።

መምህሩ፦
ይህ እውነት ነው። እኔም ካዘጋጀኋቸው መድረኮች ጥቂት በማይባሉት ላይ አጥፍቻለሁ። ማስታወቂያው ላይ እንጂ ጥያቄው ላይ አልደከምኩም። ግዴታው ላይ ያለኝን አቋም ግን አልለውጥም።

ጥያቄ አቅራቢ፦
እኔ ደግሞ ትንሽ ተለውጫለሁ። ስጀምር መገኘትን ብቻውን አስቤው ነበር፤ አሁን ትልቁ ጉዳይ ከመገኘቱ በፊት ያለው ሰዓት ይመስለኛል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ዳይሬክተር ዣን ሉክ ጎዳር እ.ኤ.አ. በ1978 ሞንትሪያል፣ ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ተጋብዞ ሲናገር እንዲሁ መድረክ ላይ አልወጣም። መጀመሪያ የሌሎች ሰዎች ፊልሞች ከራሱ ፊልም ጋር ይታያሉ፣ ከዚያ ነው ንግግሩ። አፉን የሚከፍተው ሁሉም ያየውን ነገር ይዞ ነው። በ1980 በመጽሐፍ የወጣው ያው የተቀዳ ንግግር ነው።

ስለዚህ የምከራከርለት ይህ ነው። ፊልሙ በዋዜማው ለሁሉም ይታይ። እንግዳው የሚናገርበት አንድ ትዕይንት ተመርጦ አዳራሽ ውስጥ ይከፈት። ከሰዓቱ ግማሹ ለጥያቄ ይሰጥ፣ ማይኩም ከኋላ ወንበር ይጀምር። ቪዲዮው ሲለቀቅ ዝምታው ሳይቆረጥ ይለቀቅ፤ በዚህ በኩል የድምፅ ባለሙያዋ አሸንፋኛለች። ይህ ከተሟላ ነጥብ የሚባለው ነገር አያስፈልግም።

የኤዲቲንግ ተማሪ፦
ማይኩ ከኋላ ከጀመረ እመጣለሁ። ጥያቄዬም ዝግጁ ነው፦ ኤዲተሩ አውጣ ብሎት እምቢ ያለው፣ በኋላ ግን ራሱ ያወጣው ትዕይንት የትኛው ነው?

ድምፅ ቀጂዋ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠይቀኸው ዝም ካለ ግን ሌላ ጥያቄ አትደርብበት፤ ጠብቀው።